ሞክሼ

ኅዳር ነው በቪርትሱ፣ ባሕሩ እርሳስ መስሏል፤
የጀልባው መብራት ብቻ ከጭጋጉ አምልጧል።
ከወደቡ ቢሮ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ሌሎ ከማሽኗ ፊት ቀይ መስመር ስትጠይቅ፦
ከላይ የተጠበቀው፣ ከታች የተገኘው፤
ሁለት የሰው ዝርዝር፤ ልዩነቱ የቱ ነው?
«ካድሪ» ከላይ አለች፣ «ካድሪ» ከታች አለች፤
ፊደሏ ሳይዛነፍ ትክክል ተቀምጣለች።
ስም በስሙ አንጻር፣ ነጥብ በነጥቡ ላይ
ጣቷን እያስኬደች ደጋግማ ብታይ፣
ማሽኑ ግን «አይደለም»። ቀይ። አሁንም ቀይ።

ማሽን ስም አያውቅም፣ መልክም አይመረምር፤
ካላስተማሩት በቀር የሚያየው የቤት ቁጥር፣
በትውስታው መንደር የት እንዳደሩ ብቻ።
ያንዷ ካድሪ ቤቷ ከማዶው ዳርቻ፣
የሌላዋ ከወዲህ፤ ምን ያገናኛቸዋል?
«አንድ አይደሉም» አለ። እውነቱን ነው፣ መች ዋሽቷል።
እኩልና አንድ ሁለት ቃል ናቸው፤
እኛ ነን በችኮላ የምናጋባቸው።

ካውፖ መጣ ያኔ፣ ጃኬቱ ጨው ጨው ይላል።
«ለዚህ ነው እንዴ?» አለ፣ «ይህ መቼ ያስጨንቃል?
ስም ከስም አስተያዪ፤ ቅደም ተከተሉን
ተዪው፣ በስብስብ ውስጥ ደባልቂው ሁሉን።
ማን ቀድሞ ተሳፈረ፣ ጀልባውን ምን ገዶት?»
ሁለት መስመር ጻፈ፤ ሄደ ቁልፉን መትቶት።

አረንጓዴ።
አረንጓዴ ሲበራ ማን ይጠረጥረዋል?
ሌሎም ኮቷን ለበሰች። ቀይ ሲጠፋ ደስ ይላል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ነፋሱ ሲያፏጭ፣
ኤንዴል ከጀልባው ደጅ ቆሞ በዚያ ውርጭ
ሰው ይቆጥራል። በእጁ ያቺ የብረት መቁጠሪያ
ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፣ እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጣቱ ሲቆጥር
ወረቀት አላየም ከእሱ ሲከራከር፤
ዛሬ ግን በጣቱ አርባ ሁለት፣ በወረቀቱ አርባ አንድ።
ደግሞ ቆጠረ። አርባ ሁለት። ወረቀቱ አርባ አንድ።
«ወይ አንዱ ሰው መንፈስ ነው፣ ወይ አንዱ ቁጥር ውሸት፤
ሳይለይ ገመድ አልፈታም» አለ በሻከረ ድምፀት።

ሌሎ ሮጣ ወረደች ከመንገደኛው መሃል፤
ስም ስትጠራ ሁሉም በየተራው «አለሁ» ይላል።
«ሳልሜ ራንድ?» ስትል ሁለት እጅ ተነሣ፤
አንዱ ደም ሥሩ የወጣ፣ የጠና፣ የከሳ፣
አንዱ የስድስት ዓመት፣ ጓንቱ የጥንቸል ጆሮ ያለው።
«በስሜ ነው የተሰየመችው» አሉ አሮጊቷ፣ «ሞክሼዬ ናት፤ ምነው?»

ምነው?
ሌሎ ምን ትመልስ? «አንድ ስም ስላላችሁ
ኮዳችን እንደ አንድ ሰው አጣምሮ ዋጣችሁ፤
ጀልባው ቢጋደልስ፣ ውኃው በላይ ቢመጣ፣
ፈላጊ አይኖርም ነበር ላንዳችሁ የሚወጣ» ትበል?
ዝም አለች። የልጅቷን ጓንት አየች።

ማታ እንደገና ከቁልፎቹ ፊት ተቀመጠች።
መጀመሪያ ቀዩን ራሷ ፈልጋ ጠራችው፤
ሁለት ሳልሜ ጽፋ ቴስቱን አስጨነቀችው።
ወደቀ። «ጎሽ» አለችው። ሲወድቅ ያላዩትን
ፈተና ማን ያምናል፣ ሲያልፍ መመስከሩን?
ከዚያ እኩልነትን በመታወቂያ ቁጥር አሰረች፤
ሃሹንም በዚያው ልክ፣ እንዳይጣሉ፣ አረመች።
ስብስቡን አፍርሳ ዝርዝሩን መለሰች፤
ግራና ቀኙንም ቅጂ ወስዳ ተራ አሰለፈች፤
ፊት ብዛታቸውን፣ ቀጥሎ አንድ ባንድ፤
ሲጎድልም እንዲናገር፦ የትኛዋ ሳልሜ ራንድ?

ካውፖ እኔ ነኝ።
እስካሁን «እሱ» ያልኩት፣ ጥፋቴን የሚሸከም
ሞክሼ ፍለጋ ነው፤ ብፈልግ ግን የለም።
ስሙ፣ ጃኬቱ፣ ጣቱ፣ የቤት ቁጥሩም የእኔ፤
በየትኛውም ሚዛን ያው እኔ ነኝ እኔ።

ዛሬ ጠዋት ኤንዴል መቁጠሪያውን አሳየኝ።
ሠላሳ ስድስት። ወረቀቱም ሠላሳ ስድስት።
ምንም አላለም።
ገመዱን ፈታ።